ስለ ግራፊን ስናወራ የምንዘለው ነገር

በተማሪዎች ሴሚናር ላይ ግራፊን ከተነሳ መግቢያው ያው ነው። ከብረት ይጠነክራል፣ እ.ኤ.አ. በ2004 ጋይምና ኖቮሴሎቭ ማንችስተር ላይ በፕላስተር ልጠው አወጡት፣ በ2010 ኖቤል ተሸለሙበት። ከዚያ ጭብጨባ። በበኩሌ ዋናው ፊዚክስ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው ባይ ነኝ፤ ብርሃን የመምጠጥ ባሕርይው በቮልቴጅ ይለዋወጣል እኮ!

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ የግራፊን ንጣፍ ካረፈበት ብርሃን 2.3 በመቶ ያህሉን ይመጥጣል። ውፍረቱ አንድ አቶም ብቻ መሆኑን ላሰበ ይህ ብዙ ነው። ኤሌክትሪክ በማያስተላልፍ ስስ ሽፋን ለይተን ከማዶ ባለው ጌት ቮልቴጅ ስንሰጠው ግን ኤሌክትሮን ይጨመርበትና የፌርሚ ደረጃው ከፍ ይላል። ብርሃኑ ኤሌክትሮኑን ከታችኛው ባንድ ወደ ላይኛው ሊያዘል ሲሞክር ቦታው ተይዟል። የፓውሊ ሕግ እንደ ታክሲ ረዳት «ሞልቷል!» ይለዋል (ያውም ትርፍ የማይጭን ረዳት)፤ ፎቶኑም ሳይመጠጥ ያልፋል። ለ1.55 ማይክሮሜትር ብርሃን የፎቶኑ ኢነርጂ 0.8 ኤሌክትሮን ቮልት ስለሆነ የፌርሚ ደረጃው ከግማሹ፣ ከ0.4፣ በላይ መውጣት አለበት።

ታዲያ «የኤሌክትሪክ መስክ የግራፊንን ተፈጥሮ ይቀይራል» የሚለው አባባል አይዋጥልኝም። የተቀየረው የተሳፋሪው ብዛት እንጂ ወንበሩ አይደለም። ሁለት ንጣፍ ሲሆን ጉዳዩ ሌላ ነው፤ እዚያ መስኩ በባንዶቹ መካከል ክፍተት ይፈጥራል።

ማጋነንም አያስፈልግም። 2.3 በመቶ መጣ ሄደ በዓይን ብዙም አይለይም። ለዚህም ነው የበርክሌይ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ብርሃኑ ግራፊኑን ሰንጥቆ እንዲያልፍ ከማድረግ ይልቅ፣ በሲሊከን መተላለፊያ ውስጥ ጎን ለጎን እንዲጓዝ ያደረጉት። በ25 ስኩዌር ማይክሮሜትር ቦታ ላይ ከ1 ጊጋኸርዝ በላይ የሚሠራ ሞጁሌተር ወጣቸው። ለሚታየው ብርሃን ግን ከባድ ነው፤ የፌርሚ ደረጃውን እጥፍ ለማድረግ የኤሌክትሮኑ ብዛት አራት እጥፍ መሆን ስላለበት ሽፋኑ መስኩን ላይችለው ይችላል።

«ላቦራቶሪ የለንም» የሚለው ሰበብ እዚህ ጋ አይሠራም። ከላይ ያለው ሁሉ በሁለት ገጽ ስሌት የሚያልቅ ነው። የሶሊድ ስቴት መምህሮቻችን በሚቀጥለው ሴሚስተር ለአሳይመንት ቢሰጡን ደስ ይለናል።