ከባሕር ጠልቆ ወደ ደጋ ለሚመለስ ልጅ

ጥር 23 ቀን በእንጅባራ የሚከበረው የአገው ፈረሰኞች በዓል ሲቃረብ የአዲስ ቅዳም እናቶች ሥራ ይበዛባቸዋል። ጠላው ይጠመቃል፣ ቤቱ ይሰናዳል፣ ርቆ የሄደውም ልጅ በስልክ «ቶሎ ድረስ» ይባላል። ከዚህ ጥሪ ጉዳት ይመጣል ብሎ የሚጠረጥር የለም። ነገር ግን ልጁ የሚመጣው ከጅቡቲ ጠረፍ ከሆነና እዚያ ከባሕር ሲጠልቅ ሰንብቶ ከሆነ፣ ውድ አንባቢዎች፣ ጥድፊያው ለከባድ የአካል ጉዳት፣ አንዳንዴም ለሞት ሊያደርሰው ይችላል።

ከውጭ አገር ለዕረፍት የሚመጡም ሆኑ በሥራ ምክንያት ጅቡቲ የሚሰነብቱ ወጣቶች የታጁራን ባሕረ ሰላጤ ማየት ይወዳሉ። ከኅዳር እስከ ጥር በአርታ አቅራቢያ ዓሣ ነባሪ ሻርክ የሚባለው ግዙፍ ዓሣ ይሰበሰባል። ስሙ ቢያስፈራም የሚመገበው በውሃ ላይ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን ፍጥረታትን ነውና ሰው አይበላም፤ እናት በእሱ አትስጋ። መነጽር አድርጎ ከውሃው ገጽ ላይ እየዋኙ እሱን ማየትም የምንነጋገርበትን ችግር አያመጣም። ችግሩ የሚመጣው በሙሻና በማስካሊ ደሴቶች ዙሪያ እንደሚደረገው፣ የታመቀ አየር የያዘ ሲሊንደር በጀርባ ተሸክሞ ወደ ጥልቁ ሲወረድ ነው።

ሰው 10 ሜትር ሲጠልቅ የሚያርፍበት ግፊት በባሕር ገጽ ላይ ከነበረው እጥፍ ይሆናል። በዚህ ግፊት ሲተነፍስ በአየሩ ውስጥ ያለው ናይትሮጂን በደሙና በሥጋው ይሟሟል። ቀስ እያለ ከወጣ ናይትሮጂኑ በትንፋሽ እየወጣ ያልቃል። ተቻኩሎ ከወጣ ግን የለስላሳ ጠርሙስ ክዳኑ ሲነሣ እንደሚፈላው ሁሉ በአካሉ ውስጥ አረፋ ይፈጠራል። በደንቡ መሠረት የወጣ ሰው እንኳን ለብዙ ሰዓት ትርፍ ናይትሮጂን በገላው ይዞ ይቆያል። በዚህ ሁኔታ ላይ ሳለ የአየሩ ግፊት ወደሚያንስበት ወደ ደጋ ቢወጣ፣ በባሕር ያልደረሰበት አደጋ በመንገድ ወይም በቤቱ ይደርስበታል።

ጠላቂዎች ከ18 እስከ 24 ሰዓት ሳያርፉ አውሮፕላን እንዳይሳፈሩ የሚመከሩት ለዚህ ነው። ታዲያ ብዙዎች «እኔ የምሄደው በመኪና ነው» ብለው ይዝናናሉ። በሚበር የመንገደኛ አውሮፕላን ውስጥ ያለው ግፊት ግን ከ1,800 እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ካለው ጋር ይቀራረባል። አዲስ አበባም አዲስ ቅዳምም ከ2,000 ሜትር በላይ ናቸው። እንግዲህ ለገላው መኪናውም አውሮፕላኑም ያው ነው። ስለዚህ በስልክ ስታገኙት «ከባሕር የወጣኸው መቼ ነው?» ብላችሁ ጠይቁት፤ ገና ትናንት ማታ ከሆነ አንድ ቀን እዚያው ጠረፍ ይደር። ዶሮው ይቆየዋል።

የሕመሙ ምልክት አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ይታያል፤ እስከ ሁለት ቀን ሊዘገይም ይችላል። ትከሻን፣ ክርንን ወይም ጉልበትን ውስጥ ለውስጥ ይጠዘጥዛል። የእጅ የእግር መደንዘዝ፣ ማዞር፣ ቆዳን ማሳከክና ሽንት መከልከልም አለ። እኛ ዘንድ ትከሻዬን ያለ መንገደኛ «የመንገድ ድካም ነው፣ ብርድ መቶት ነው» ይባልና በቅቤ ይታሻል፣ ሲብስም ወደ ወጌሻ ይወሰዳል። ወጌሻ ለወለምታ እጁ የተባረከ ነው፤ በደም ውስጥ ያለ አረፋ ግን በመታሸት አይወጣም፣ የሚባክነውም ሰዓት አይመለስም።

ነፍሰ ጡር ሴት፣ ዋናተኛ ብትሆንም፣ በሲሊንደር እንዳትጠልቅ ሐኪሞች ይከለክላሉ። አረፋው ፅንሱንም ሊጎዳ ይችላልና።

ልጁ ከታመመ ሳይውል ሳያድር ወደ ሆስፒታል ይሂድ። ንጹሕ ኦክስጅን መተንፈስ የመጀመሪያው ርዳታ ነው፤ ዋናው ሕክምና ግን ግፊት በሚጨመርበት ልዩ ክፍል የሚሰጥ በመሆኑ ሐኪሙ ወዴት እንደሚልከው ቶሎ መወሰን ይኖርበታል። ከባሕር ርቆ በሚገኝ አገር ሐኪሙ ይህን ሕመም አዘውትሮ አያየውም። ስለዚህ በሽተኛው ሳይጠየቅ፣ መናገር ካቃተውም አብራችሁት የሄዳችሁት፣ በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት፣ ስንት ሜትር ያህል እንደጠለቀ ንገሩት።