የጽጌ ወራት ዕረፍት በባሌ ደጋ

ክረምቱ አልፎ ምድር በአበባ በምታጌጥበት ወራት ከቤተ ሰብ ጋር ሁለት ቀን ማረፍ የተገባ ነው። ከቱላ የሚነሣ መንገደኛ በሻሸመኔ፥ በዶዶላና በአዳባ አልፎ ወደ ዲንሾ፥ ከዚያም ወደ ወይብ ሸለቆ ይደርሳል። የሐዋሳ ከፍታ 1,700 ሜትር ያህል ሲሆን ዲንሾ ከ3,000 ሜትር በላይ ነውና፥ ለልጆች ጋቢና ሹራብ አይረሳ፤ በመጀመሪያውም ቀን በዝግታ መራመድ ይበጃል።

በሸለቆው ቀይ ቀበሮ በጠራራ ፀሐይ ፍልፈል ሲያድን ይታያል። ከአገራችን በቀር በሌላ ምድር የማይገኘው ይህ አውሬ ዛሬ ቍጥሩ 500 ገደማ ነው። በ1996 ዓ.ም. ከውሻ የተላለፈ የእብደት በሽታ በዚሁ ሸለቆ ከነበሩት አብዛኞቹን ፈጅቷል። እንግዲህ ውሻችንን ከቤት እናስቀር፤ የምግብ ትራፊም በሜዳ አንጣል። ልጅ ፍጥረትን ማክበር የሚማረው ወላጆቹ ሲያከብሩ አይቶ ነው።