የሰላም ዋጋና የአገሮች ድርሻ

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው» ይባላል። ይህ ብሂል ለደቦና ለዕድር ብቻ ሳይሆን ለአገሮች ግንኙነትም ይሠራል። የዓለም ሰላም የጋራ ሀብት እንደ መሆኑ መጠን ዋጋውም በጋራ ሊከፈል ይገባል። አከራካሪው ጉዳይ አከፋፈሉ ነው። በእኔ አስተያየት የእያንዳንዱ አገር ድርሻ እንደ አቅሙ መጠን አስቀድሞ በደንብ ሊወሰን ይገባዋል፤ በስሌቱም ውስጥ ገንዘብ ብቻ ሳይሆን የሰው ሕይወት ሊቆጠር ይገባል።

በመጀመሪያ፣ ድርሻው ያልተለየ የጋራ ቃል ኪዳን ከንቱ መሆኑን ከራሳችን ታሪክ እንረዳለን። የመንግሥታት ማኅበር ቃል ኪዳን በአንድ አባል ላይ የተከፈተ ጦርነት በሁሉም ላይ እንደ ተከፈተ እንዲቆጠር ያዝዝ ነበር፤ ማን ምን ያህል ጦር እንደሚያዋጣ ግን በግዴታ አልደነገገም። ፋሺስት ኢጣሊያ በ1928 ዓ.ም. ኢትዮጵያን በወረረች ጊዜ ማኅበሩ የንግድ ማዕቀብ ቢጥልም ነዳጅ ዘይትን አልከለከለም፤ የስዌዝ ቦይም ለወራሪዋ መርከቦች አልተዘጋም። ኃያላኑ መንግሥታት ወጪንና ጠብን ሲሸሹ ሸክሙ በሙሉ በተጠቂዋ አገር ጫንቃ ላይ ወደቀ። ብዙ ሳይቆይ ግን የሸሹት ጦርነት ከየደጃፋቸው ደረሰ።

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ከዚህ የተሻለ ደንብ አለው። የሰላም ማስከበሩ ወጪ የሚሸፈነው በአባል አገሮች የግዴታ መዋጮ ሲሆን፣ አምስቱ የጸጥታው ምክር ቤት ቋሚ አባላት ከመደበኛ ድርሻቸው በላይ ይከፍላሉ፤ ለድሆች አገሮች ግን ይቀነስላቸዋል። በውሳኔው የበለጠ ሥልጣን ያለው የበለጠ መክፈሉ ተገቢ ነው። ሆኖም መዋጯቸውን በወቅቱ የማይከፍሉ አገሮች ስላሉ፣ ወታደር ለሚያሰልፉት አገሮች የሚመለሰው ገንዘብ ይዘገያል። በቅርብ ዓመታት ብዙ ሠራዊት ያዋጡት ደግሞ እንደ ኔፓል፣ ሩዋንዳና ባንግላዴሽ ያሉ ሀብታም ያልሆኑ አገሮች ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ1948 ጀምሮ ከ4,000 በላይ ሰላም አስከባሪዎች በግዳጅ ላይ ሞተዋል። ኢትዮጵያም ብትሆን በድርጅቱ ጥሪ ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ ኮሪያ ከላከቻቸው የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች ከ120 በላይ የሚሆኑትን አጥታለች።

አንዳንድ ሰዎች ድርሻን ለመለካት ለጦር ኃይል የወጣውን ገንዘብ ማየት ይበቃል ይላሉ። ለዚህም የሰሜን አትላንቲክ ጦር ቃል ኪዳን ድርጅትን ይጠቅሳሉ። የዚህ ድርጅት አባላት እ.ኤ.አ. በ2014 የመከላከያ ወጪያቸውን ከጠቅላላ የአገር ውስጥ ምርታቸው ወደ 2 በመቶ ለማድረስ ተስማምተው ነበር፤ በ2025 ደግሞ ለመከላከያና ተያያዥ ለሆኑ ጉዳዮች የሚውለው እስከ 2035 ድረስ 5 በመቶ እንዲሆን ተወሰነ። እንዲህ ያለው መለኪያ በጎረቤት ጋሻ የሚከለለውን ስለሚያጋልጥ ጥቅም እንዳለው አይካድም። ነገር ግን አንድ መንግሥት የገዛው መሣሪያ ሲበዛ የዓለም ጸጥታ የግድ ይጨምራል ማለት አይደለም። እንዲያውም የአንዱ ትጥቅ ሌላውን ያሠጋና ለበለጠ ትጥቅ ይገፋፋዋል። ከትምህርት ቤትና ከጤና ጣቢያ ተቀንሶ ለጦር መሣሪያ የሚውል ገንዘብም ለድሃ አገር ሌላ ሥጋት ነው።

ስለዚህ ባለጸጋው መዋጮውን በቀኑ ይክፈል፤ ወታደር የሚልከውም አገር ስለ ዘመቻው በሚመከርበት ሸንጎ ድምፁ ይሰማ። ልጁን ለጋራ ሰላም የሰጠ አገር ከፍተኛውን ዋጋ ከፍሏልና።