«በሕግ አምላክ!» ስትል ለደረሱላት

ባገራችን የተበደለ ሰው «በሕግ አምላክ!» ያለ እንደ ሆነ በዳዩ እጁን ሰብስቦ እንዲቆም ልማዳችን ያስገድደው ነበር። ይሁን እንጂ በጎረምሶች የተጠለፈች ልጅ ይህንኑ ቃል ብትጮኽ የሚሰማት አልነበረም። ጠላፊው ሽማግሌ ይልካል፤ ካሣ ይከፍላል፤ ግፉም ጋብቻ ተብሎ ያልፋል። ከዚህም የከፋው፣ በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባ ከቅጣት ያድነው የነበረ መሆኑ ነው።

በ1980ዎቹ መጨረሻ ገደማ በአርሲ የተጠለፈች የ14 ዓመት ልጅ ልታመልጥ ስትል ጠላፊዋን በገዛ ጠመንጃው ገደለችው። በነፍስ ግድያ በተከሰሰች ጊዜ፣ ከተመሠረተ ብዙ ያልቆየው የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጠበቃ ሆኖ ቆመላት። ፍርድ ቤቱም ራሷን ለመከላከል ያደረገችው መሆኑን ተቀብሎ በነፃ አሰናበታት። ከማኅበሩ መሥራቾች አንዷ ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ በ2011 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት ለመሆን በቅተዋል።

ሕጉም ቢሆን እንደ ነበረ አልቀረም። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የሴት ልጅን የጋብቻ ዕድሜ ከ15 ወደ 18 ከፍ ሲያደርግ፣ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ደግሞ ጠላፊ ቢያገባም ከቅጣት እንደማያመልጥ ደነገገ።

እንግዲህ እንዲህ ያሉትን ባለሙያዎች እንዴት እናክብራቸው? ሸማ ማልበስና ሜዳልያ መስጠት መልካም ነው፤ ብቻውን ግን አይበቃም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ከ10 በመቶ በላይ ገቢውን ከውጭ አገር የሚያገኝ ድርጅት በሴቶች መብት ላይ እንዳይሠራ በመከልከሉ፣ የማኅበሩ ሥራ ለዓመታት ተዳክሞ ነበር። አዋጁ በ2011 ዓ.ም. ተሽሯል። ነገር ግን በእነዚያ ዓመታት እኛ ያገር ልጆች ከኪሳችን ምን አዋጣን? ይህን ጥያቄ ሳያፍር የሚመልስ ከመካከላችን ስንቱ ነው?

ጠለፋ ዛሬም ፈጽሞ አልጠፋም። ስለዚህ ክብራችን ለጠበቃዋ ብቻ ሳይሆን፣ አቤት ባይዋን «ሄደሽ ታረቂ» ብሎ ሳይመልስ ቃሏን ለሚጽፈው ፖሊስና ያየውን ሳያጎድል ለሚመሰክረው ሐኪምም ይድረስ። ከዩኒቨርሲቲ በቅርቡ የወጣን ወጣቶችም፣ ሕግ የተማርነው በጊዜያችን፣ ሌሎቻችን በገንዘባችን እንርዳ። የነዚህ ሰዎች እውነተኛ ሽልማት፣ ነገ «በሕግ አምላክ!» የምትል ልጅ የምታንኳኳው በር ክፍት ሆኖ ማግኘቷ ነው።