ጎጃም ድረስ የዘመቱት ሱዳናውያን

በጅዳም ሆነ በመካ ሐበሻው ከሌላው ወገን ጋር ለቡና ሲቀመጥ ጨዋታው ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከነጃሺ ነው። ተገቢም ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ሙሃጂሮች በአክሱም ንጉሥ ዘንድ ስላገኙት ጥበቃ መናገር የማይሰለች ክብር ነው። ይሁን እንጂ ይህን ታሪክ ደጋግመን ስናወሳ ውለታ ምንጊዜም ከእኛ ወደ ሌላው ብቻ የሄደ እየመሰለን መጥቷል። የተቀበልነውም ውለታ አለ። ከዚያም አንዱ ከቅርብ ጎረቤታችን ከሱዳን የመጣ ሲሆን፣ በእኛ ማኅበረሰብ ዘንድ ሲነገር የሚሰማው ከስንት አንዴ ነው።

ኢጣሊያ እ.ኤ.አ. በሰኔ 1940 ወደ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስትገባ ከወር ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ ከሰላንና ገላባትን ከሱዳን ነጥቃ ያዘች። ያን ጊዜ በሱዳን የነበረው የአገሬው ሠራዊት እ.ኤ.አ. በ1925 የተመሠረተው የሱዳን መከላከያ ኃይል ነበር። ወታደሮቹ ወደው የተቀጠሩ እንጂ ተገደው የተመለመሉ አልነበሩም። ከኮርዶፋን የግመል ጓድ፣ ከምሥራቁና ከምዕራቡ የዐረብ ጓዶች ሻምበሎች እየተውጣጡ አንድ የእግረኛ ጦር ተቋቋመ፤ «የጠረፍ ሻለቃ» ይባል ነበር። አዛዡ እንግሊዛዊው ሂዩ ቡስቴድ ሲሆን ተራ ወታደሮቹና የበታች ሹማምንቱ ሱዳናውያን፣ አብዛኞቹም ሙስሊሞች ነበሩ። የማዕረግ ስሞቹ እንኳ ቢምባሺ፣ ዩዝባሺ እየተባሉ ከቱርክና ከግብፅ ዘመን የወረሷቸው ነበሩ።

ንጉሠ ነገሥቱ በስደት ከቆዩ በኋላ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጥር 20 ቀን 1941) በኦሜድላ በኩል ድንበር ሲሻገሩ ወሩ ዙልሒጃ ነበር፤ የዚያ ዓመት ሐጅ ካበቃ ገና አንድ ሳምንት ገደማ ነበር። ከእርሳቸው ጋር የዘመተው «የጌዲዮን ጦር» በኮሎኔል ዊንጌት የሚመራ ሲሆን፣ ጥንካሬው ስምንት መቶ ያህል ሱዳናውያን፣ ስምንት መቶ ያህል ኢትዮጵያውያንና ሰባ የሚሆኑ እንግሊዛውያን መኮንኖችና የበታች ሹማምንት ነበሩ። በጎጃም የሚጠብቃቸው የጠላት ጦር ግን በብዙ አሥር ሺህ የሚቆጠር ነበር።

ከኦሜድላ እስከ በላያ ተራራ ያለው ቆላ ለመኪና የሚሆን አልነበረም። ስንቁና ጥይቱ የተጫነው በግመል ነው። ከሱዳን ሜዳ የተሰበሰቡት ግመሎች ከአሥራ አምስት ሺህ እንደሚበልጡ ይነገራል፤ ለአሸዋ የተፈጠረ ኮቴ በድንጋይና በገደል ተቀጠቀጠ፣ ደጋው ላይ ሲወጡም ብርዱና የመኖ እጦቱ ጨረሳቸው። ዘመቻው ሲያበቃ በሕይወት የቀሩት ጥቂቶች ብቻ ነበሩ። መንገዱን ለመከተል የሬሳው ሽታ በቂ ነበር ይባላል። ከግመሎቹ ጎን የሄዱት ሱዳናውያን ነጂዎች ወታደር ስላልነበሩ በዘመቻ ታሪኩ ውስጥ ስማቸው ቀርቶ ቁጥራቸው እንኳ በቅጡ አይነሳም። የእኛ አገር ገበሬ በሬው ሲሞትበት ምን እንደሚሰማው የሚያውቅ ሰው፣ እነዚያ ሰዎች ግመላቸውን በየገደሉ ጥለው ሲያልፉ ምን እንደተሰማቸው ለመገመት አይቸገርም።

ውጊያውን በአጭሩ እናውሳው። በየካቲትና በመጋቢት የኢጣሊያ ጦር እንጅባራንና ቡሬን ለቆ ወደ ደብረ ማርቆስ አፈገፈገ። በደምበጫ አቅራቢያ በጨረቃ ወንዝ፣ ከኬንያ ስደተኞች መካከል የተመለመለው ሁለተኛው የኢትዮጵያ ሻለቃ በሚያፈገፍገው ብዙ ሺህ ጦር መንገድ ላይ ሳያስበው ተገኝቶ ከባድ መሥዋዕትነት ከፈለ። በደብረ ማርቆስ ዙሪያ በጉሊት ምሽጎች ላይ ደግሞ የጠረፍ ሻለቃ ሌሊት ሌሊት በጨለማ እየተሳበ፣ በእጅ ቦምብና በሳንጃ እየመታ፣ ጎህ ሳይቀድ እየተመለሰ ጠላትን እንቅልፍ ነሣው። ቀን ለቀን ቢገጥም ኖሮ ቁጥሩ አይፈቅድለትም ነበር። በመጋቢት መጨረሻ ከተማዋ ተለቀቀች። ከሻለቃው የተወሰነው ክፍል ከአርበኞች ጋር ሆኖ አባይን የተሻገረውን ጦር እስከ አጊበር ድረስ አሳደደ፤ እዚያም በግንቦት ወር እጁን ሰጠ። ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ የገቡት ሚያዝያ 27 ነበር።

ድሉ የሱዳናውያን ብቻ ነው ለማለት አይደለም። አምስት ዓመት በዱር የከረሙት የጎጃም አርበኞች ባይኖሩ ያ ትንሽ ጦር አንድ ሳምንትም ባልቆየ ነበር። የእንግሊዝ መንግሥትም ሱዳናውያንን ያዘመተው ለኢትዮጵያ ፍቅር ሲል ሳይሆን የራሱን ግዛት ለመጠበቅ ነው። ነገር ግን የላከው መንግሥት ዓላማ ሌላ ነው፤ ተልኮ የሞተው ሰው ደም ሌላ ነው። ሁለቱን ለይቶ ማየት አስተዋይነት ይመስለናል።

ሌላም ልብ የሚነካ ነገር አለ። ይህ ጦር የመጣው ከዚያው ጠረፍ ነው፤ ደርቡሾች እ.ኤ.አ. በ1888 ወጥተው ጎንደርን ያቃጠሉት፣ በተከታዩ ዓመት በመጋቢት አፄ ዮሐንስ በመተማ የወደቁት በዚያ አቅጣጫ ነው። ከመተማ እስከ ኦሜድላ ያለው የዘመን ርቀት ሃምሳ ሁለት ዓመት ብቻ ነው። በልጅነቱ የመተማን ጦርነት ከአባቱ የሰማ ሱዳናዊ፣ ጎልማሳ ሆኖ ለኢትዮጵያ ነጻነት ጎጃም ዘመተ ማለት ነው። ድንበራችን የደም ድንበር ብቻ እንደሆነ አድርገው ለሚነግሩን ሰዎች ከዚህ የተሻለ መልስ አናውቅም።

ይህን ዛሬ ማንሳታችን ያለ ምክንያት አይደለም። ሱዳን ከሚያዝያ 2023 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በጦርነት እየነደደች ነው። ተፋላሚዎቹ በግንቦት 11 ሲቪሎችን ለመጠበቅ የተስማሙበትን ሰነድ የፈረሙት በምንኖርባት በጅዳ ነበር፤ ቀለሙ ሳይደርቅ ተጣሰ። የምዕራቡ ጓድ ወታደሮች መፍለቂያ የነበረችው ዳርፉር፣ በተለይም ኤል ፋሽር፣ በከበባና በረሃብ ተቀጥታለች። ሸሽተው በመተማ ወደ አማራ ክልል የገቡ ሱዳናውያንም ዕረፍት አላገኙም፤ በኩመርና በአውላላ መጠለያዎች በታጠቁ ሰዎች ዘረፋና ጥቃት ደርሶባቸው፣ እ.ኤ.አ. በ2024 ብዙዎቹ መጠለያውን ጥለው በጫካ ዳር እስከ መክረም ደርሰዋል። አያቶቻቸው ጥይት ተሸክመው ያለፉበት አገር ነው።

በዚህ በሂጃዝ ደግሞ በየገበያውና በየመስጂዱ ከሱዳናውያን ጋር ትከሻ ለትከሻ እንቆማለን። ቡናውን እኛም እነርሱም ከጀበና እንቀዳለን። ሆኖም የፈሸቃ ድንበር ጉዳይ በተነሣ ቁጥር በአንዳንድ ወገኖቻችን አንደበት ስለ ሱዳናዊው የሚነገረው ቃል የሚያሳፍር ነው። የድንበሩ ጉዳይ የመንግሥታት ነው፤ በሰነድና በድርድር ያልቃል። ቤቱ ተቃጥሎበት ጅዳ የደረሰውን ጎረቤት በዚያ ምክንያት በክፉ ዓይን ማየት ግን ከዲናችንም ከባህላችንም የራቀ ነው። በሱዳን በኩልም ለስደተኞቻችን ሸካራ ቃል የሚናገር አይጠፋም፤ ያም የእኛን ስሕተት አያቀናም።

ስለ ዘመቻው የተጻፉት መጻሕፍት አብዛኞቹ የእንግሊዝ መኮንኖች ሥራ ናቸው። የቢምባሺዎቹ ስም እስከ ጠባያቸው ተጽፏል፤ ምሽግ ላይ የወደቀው ወታደር ግን «አንድ ሱዳናዊ» ተብሎ ታልፏል። የዚያ ትውልድ ልጆችና የልጅ ልጆች ዛሬ በጅዳና በመካ አሉ። ስለዚህ የዚህ ገጽ አንባብያን፣ ሱዳናዊ ጎረቤታችሁን አባቱ ወይም አያቱ «ሐበሻ ዘምቶ ነበር ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ዘምቶ ከሆነ ስሙን፣ የመጣበትን አውራጃና ቤተሰቡ የሚያስታውሰውን ጽፋችሁ ላኩልን። በቅዳሜና እሑድ የአማርኛ ትምህርት የምታስተምሩ መምህራንም ስለ ሚያዝያ 27 ስታወሱ ከአርበኞቹ ቀጥሎ የእነዚህን ሰዎች ዘመቻ ለልጆቹ ንገሩ። የሚደርሱንን ስሞች በዚህ ገጽ እናትማለን።