ያንተ ምሽት፣ የእሷ ወር

የዛሬው ጨዋታችን ከቢራ ይጀምራል፤ የሚያልቀው ግን ሌላ ቦታ ነው።

የኮሮናን ዘመን አብዛኞቻችን ረስተነዋል። ጭምብሉ በየመሳቢያው ቀርቷል፤ ሰላምታ ብለን ክርን ለክርን የተጋጨነውም የሳቅ ወሬ ሆኗል። ያኔ የተበላሸ ፍቅራቸው እስከ ዛሬ ያልተጠገነላቸው ሰዎች ግን አሉ። ከነሱ አንዱ ሰሞኑን ደብዳቤ ጽፎልኛል። «ስሜ ይቆይ» ስላለ ስሙን ትቼ፣ ርዝመቱንም ቀንሼ እነሆ ብያለሁ።

«እህቴ ሆይ፣ ዓምድሽን ሳላነብ አልውልም። ዕድሜዬ 34 ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር ከ2018 እስከ 2022 መጀመሪያ ድረስ ታይላንድ፣ ባንኮክ ነበርኩ። ሥራዬ የአዲስ አበባ ነጋዴዎች ፕራቱናም ከሚባለው የልብስ ገበያ የሚገዙትን ዕቃ እያሸጉ መላክ ነበር። ማታ ማታ የምናመሽባት ሱኩምቪት መንገድ አካባቢ አንዲት ትንሽ ባር ነበረችን። ‹ነበረችን› ያልኩት የኛ ያህል ስለነበረች ነው። ጡረታ የወጣ እንግሊዛዊ፣ ቋንቋ የሚያስተምር አሜሪካዊ፣ ከኳስ ሌላ ወሬ የማያውቅ ጀርመናዊ፣ እና እኔ። የአባቴን መርዶ የሰማሁ ዕለት እስኪነጋ አብረውኝ የተቀመጡት እነሱ ናቸው።

«ጓደኛዬንም ያወቅኋት እዚያው ነው። አስተናጋጅ ነበረች። አገሯ ኢሳን የሚባለው የሰሜን ምሥራቅ ገጠር ነው፤ እናቷንና ታናሽ ወንድሟን የምትረዳው እሷ ነበረች። ሁለት ዓመት አብረን ኖርን። ላገባት አስቤ ለቤተሰቤም ተናግሬ ነበር።

«በኤፕሪል 2021 ባሮች በሙሉ ተዘጉ። እኔና ፈረንጆቹ ጓደኞቼ አበድን። ስንደዋወል ወሬያችን አንድ ነው፤ መንግሥትን መራገም። ‹የገበያ አዳራሹ ክፍት ነው፣ ባቡሩ ጢም ብሎ ይሄዳል፣ ቢራ ከሱቅ ገዝቼ ቤቴ ብጠጣ ማንም አይናገረኝም፤ ከራት ጋር አንድ ብርጭቆ ቢራ ግን ወንጀል ሆነ!› እንላለን። እሷ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ትሰማለች። አንድ ማታ ስልኩን ስዘጋ፣ ‹አንተ ያጣኸው ምሽትህን ነው፤ እኔ ያጣሁት ወሩን ሙሉ ነው› አለችኝ። እኔም ነደደኝና ‹ላንቺም እኮ ነው የምከራከረው!› አልኳት። ‹ለኔ ብትከራከር ኖሮ ለእናቴ ምን እንደምልክ ትጠይቀኝ ነበር› አለችኝ። በሳምንቱ ሻንጣዋን ይዛ ወደ እናቷ ሄደች። በስልክ ጥቂት ተነጋገርን፤ ከዚያ ቀረ።

«ፈረንጆቹ ጓደኞቼ እስካሁን ያንን ጊዜ ባነሱ ቁጥር ይናደዳሉ። እኔ ግን ንዴቱ ወጥቶልኝ ሐሳቡ ቀረብኝ። በባሩ መዘጋት መበሳጨቴ ኃጢአት ነበር? ለልጅቷስ ብጽፍላት ምን ትመክሪኛለሽ?»

ደብዳቤው እዚህ ላይ ያበቃል።

ወንድሜ፣ ጥያቄህ ሁለት ነው፤ ሁለቱንም እመልሳለሁ። በመጀመሪያ ግን እኔ በየትኛው ወገን እንደቆምኩ ልንገርህ። 12ኛ ክፍል እንደጨረስኩ ቦሌ አካባቢ፣ የውጭ አገር ሰዎች የሚያዘወትሩት አንድ ምግብ ቤት አስተናጋጅ ሆኜ ገባሁ። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ አገራችን ውስጥ መገኘቱ ተነገረ። በሳምንቱ የአዲስ አበባ የምሽት ክበቦች ይዘጉ ተባለ። መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ከዚያም በአንድ ጠረጴዛ ከሦስት ሰው በላይ ማስተናገድ ተከለከለ። ትሪ ይዤ ስቆም የደንበኞቹን ምሬት በየቀኑ እሰማ ነበር። «እንዲህ ሆኖ እንዴት ይኖራል?» ይላል አንዱ። እኔ ደግሞ በልቤ የማሰላው የታክሲዬን ነው። እዚያ ቤት ደሞዙ ለስሙ ነው፤ የምንኖረው በቲፕ ነበር። ስድስት ሰው ይቀመጥበት የነበረ ጠረጴዛ ላይ ሦስት ሲቀመጥ ቲፑ ምን እንደሚሆን ለማወቅ ሒሳብ መማር አያስፈልግም። ስለዚህ ያቺ ልጅ ያለችህን ነገር ለመረዳት አስተርጓሚ አላሻኝም።

ይሁንና ንዴትህን አላጣጥለውም። አንባብያንም እንዲፈርዱ የሆነውን በአጭሩ ልዘርዝር። ዘመኑን እንዳንተው በፈረንጆቹ እቆጥራለሁ።

ታይላንድ በ2020 በሽታውን በደንብ ይዛው ነበር። ዓመቱን ሙሉ በኮሮና የሞቱት ከ70 አይበልጡም። ባሮቹም ሦስት ወር ተኩል ያህል ተዘግተው ከቆዩ በኋላ ጁላይ 1 ቀን 2020 ተከፈቱ። በ2021 ኤፕሪል ላይ ግን በሽታው ቶንግሎር ከሚባለው የባለገንዘቦች ሰፈር፣ ከምሽት ክለቦች ተነስቶ አገር አዳረሰ። ኤፕሪል 10 ባንኮክን ጨምሮ በ41 ክፍለ ሀገሮች ባሮችና ክለቦች ተዘጉ። ለስንት ጊዜ? ለ14 ቀን! እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ነገሩ ሲራዘም፣ ሲራዘም ከርሞ፣ ባሮች እንደ ባር በይፋ የተከፈቱት ጁን 1 ቀን 2022 ነው። አሥራ አራት ቀን የተባለው ወደ አሥራ አራት ወር ሆነ ማለት ነው።

መካከሉም ቀላል አልነበረም። ከሜይ 1 ቀን 2021 ጀምሮ ባንኮክ ውስጥ ምግብ ቤት ተቀምጦ መብላት ተከለከለ፤ ገዝቶ መሄድ ብቻ። ወሩ ሳያልቅ በከፊል ተፈቀደ። በጁን መጨረሻ ደግሞ፣ አንድ ቅዳሜ ሌሊት ሰዉ ተኝቶ ሳለ አዲስ ትእዛዝ በመንግሥት ጋዜጣ ወጣ፤ ከሰኞ ጀምሮ ተቀምጦ መብላት እንደገና ቀረ። ለሳምንቱ ሥጋና አትክልት ገዝቶ ያስገባ ምግብ ቤት ዕቃውን ታቅፎ ቀረ። በጁላይ ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 10 ሰዓት የሚቆይ የሰዓት እላፊ መጣ። በኖቬምበር የጤና ጥበቃ ማረጋገጫ ያላቸው የባንኮክ ምግብ ቤቶች መጠጥ እንዲሸጡ ሲፈቀድ እንኳ እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ብቻ ነበር። ሰው ክልከላ ይችላል፤ ዛሬ የተባለው ነገ ሲገለበጥ ግን ሆድ ይብሰዋል። በዚህ ብትናደዱ እውነት አላችሁ።

የባቡሩና የባሩ ክርክራችሁ ግን ግማሹ ብቻ ነው የሚያስኬደው። ባቡር ውስጥ ሰው ጭምብሉን አጥልቆ ዝም ብሎ ይቆማል። ባር ውስጥ በሩ ዝግ ነው፣ ሙዚቃው ይጮኻል፣ ሰው ለመሰማማት አፉን ከጆሮ ይገጥማል፣ ሊጠጣ ጭምብሉን ያወልቃል፣ ሦስተኛው ብርጭቆ ላይ ሲደርስ ደግሞ «ተራራቁ» የተባለውን ይረሳዋል። በትንፋሽ የሚተላለፍ በሽታ ከዚህ የተመቸ ቤት ከየት ያገኛል? በኦገስት 2021 ታይላንድ ውስጥ በአንድ ቀን ከ20 ሺህ በላይ ሕመምተኛ ይመዘገብ ነበር። ነፋስ በሚገባበት ደጅ ላይ ከራት ጋር የሚጠጣ አንድ ቢራ መከልከሉ ግን፣ እውነቱን ልንገርህ፣ ለኔም አልገባኝም።

እንግዲህ ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። ያሳበዳችሁ ቢራው ቢሆን ኖሮ ከሱቅ ገዝታችሁ ቤታችሁ ትጠጡ ነበር። ራስህ ጽፈኸዋል፤ ያ አልተከለከለም። የተዘጋባችሁ ዕድራችሁ ነው። እዚህ አገር ሰው ሐዘን ሲደርስበት ጎረቤት ድንኳን ይጥልለታል፣ ንፍሮ ይቀቀላል፣ የማያውቀው ሰው ሳይቀር መጥቶ ያስተዛዝነዋል። በሰው አገር ላለ ሰው ግን ድንኳኑም፣ ጎረቤቱም፣ ቡና አጣጩም ያቺ ባር ናት። የአባትህን መርዶ ያደርክባት ቤት ስትዘጋ ባታዝን ነበር የሚገርመኝ። ችግሩ ወንድ ልጅ ሲባል፣ ፈረንጅም ሆነ ሐበሻ፣ «ብቸኝነት ገደለኝ» ማለት ይከብደዋል፤ «መብቴ ተነካ» ማለት ይቀለዋል። ስለዚህ ሐዘናችሁን በስድብ ተወጣችሁት።

መናደድህ ኃጢአት አልነበረም። ልጅቷን የበደልካት፣ በተራበች ሴት ፊት ስለ ጥማትህ ስታወራ በማምሸትህ ነው። «በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት» የሚባለው ይሄ አይደል? በባርና በክለብ የሚሠራ ሰው ኑሮው በየዕለቱ ቲፕና በሚሸጠው መጠጥ ላይ ነው፤ ቤቱ ሲዘጋ የሚከፈለው ነገር ያልቃል። የታይላንድ መንግሥት ለምሽት ቤት ሠራተኞች 5 ሺህ ባት ድጎማ የፈቀደው በዲሴምበር 2021 ነበር። ባሮቹ ከተዘጉ ስምንት ወር በኋላ መሆኑ ነው፤ ያውም አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያውም በማኅበራዊ ዋስትና ለተመዘገበ። እስከዚያ ድረስ የእናቷን ወጪ ማን ይሸፍን ነበር? አንተም አብረሃት እየኖርክ አታውቀውም፤ በደብዳቤህ ውስጥ መልሱን ብፈልገው አጣሁት።

ሌላም ነገር አለ። እንግዳ ሰው በር አለው። አንተ ሲመርህ ጠቅልለህ አገርህ ገባህ። እሷ ከአገሯ ወዴት ትግባ? በሆንግ ኮንግ የሆነውን ልንገርህ። እዚያ ጁላይ 29 ቀን 2020 ምግብ ቤት ውስጥ ተቀምጦ መብላት ቀኑን ሙሉ ተከለከለ። የቀን ሠራተኛው ምሳውን ይዞ በየእግረኛ መንገዱ ዳር፣ ዝናብ እየመታው ሲበላ ታየ። የከተማው ሕዝብ ተቆጣ። በሁለት ቀኑ፣ ጁላይ 31፣ ቁርስና ምሳ እንደገና ተፈቀደ። በ2022 ደግሞ ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ተቀምጦ መብላት ተከልክሎ፣ ባሮችም ተዘግተው ነበር። የምሽቱ የራት ክልከላ ከጃንዋሪ እስከ ኤፕሪል ዘለቀ። ብዙ የውጭ ዜጎች በዚያና በረጅሙ የሆቴል ማቆያ ተማርረው ከተማዋን ለቀው ሄዱ። የሠራተኛው ምሳ በሁለት ቀን ሕግ አስቀየረ፤ የእንግዳው ምሬት ግን እንግዳውን ብቻ ይዞት ሄደ።

አራታችሁ ሆናችሁ ንዴታችሁን ከአስተናጋጆቹ ንዴት ጋር ብታጋጥሙት ምን ይሆን ነበር? ለቢራ ታወጡት ከነበረው ግማሹን በየወሩ ብታዋጡ፣ ቢያንስ ለአንዷ የቤት ኪራይ ይደርስ ነበር። ሕጉ ባይቀየር እንኳ ያቺ ልጅ ሻንጣዋን ከማንሳቷ በፊት ሁለቴ ታስብ ነበር።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄህ። ልጻፍላት ወይ? አዎ፣ ጻፍላት። አጻጻፉን ግን ልምከርህ።

አንደኛ፣ ስላንተ ብዙ አታውራ። ስለ ባሯ፣ ስለ ፈረንጆቹ፣ ስለ መንግሥት አንድም ቃል አታንሳ፤ እሱን ጠግባዋለች።

ሁለተኛ፣ በመጀመሪያው መልእክትህ «እንታረቅ» አትበላት። ዓመታት አልፈዋል፤ አግብታ፣ ወልዳም ሊሆን ይችላል። ትዳር ካላት ደግሞ ትዳሯን አክብረህ ዞር በል።

ሦስተኛ፣ ገንዘብ አትላክላት። በጊዜው ያልደረሰ ገንዘብ ዛሬ ቢመጣ ዕዳ መክፈል ይመስላል፤ ሰው ደግሞ በዕዳ አይታረቅም።

አራተኛ፣ ያኔ ያልጠየቅኸውን ጠይቃት። «እናትሽ እንዴት ናቸው? ያንን ሁሉ ወር እንዴት አለፋችሁት?» በቃ፣ ይኸው ነው። ከመለሰችልህ አንብበህ ዝም በል፤ ራስህን ለመከላከል አትቸኩል። ካልመለሰችልህም ያ ራሱ መልስ ነው፤ ተቀበለው።

ለናንተም፣ ዱባይም ሆነ ባንኮክ፣ ዋሽንግተንም ሆነ ሌላ አገር ለመሄድ ሻንጣችሁን እያሰናዳችሁ ላላችሁ አንባብያን አንድ ነገር ልበል። በሰው አገር ወዳጅነታችሁን በሙሉ አንድ ቤት ውስጥ አታከማቹ። ባር ይሁን ካፌ፣ ቤት ይዘጋል። ሰውን ከቤቱ ውጭም እወቁት፤ የት እንደሚኖር፣ ማንን እንደሚረዳ፣ ሲታመም ማን እንደሚጠይቀው። ያን ጊዜ በሩ ቢቆለፍ እንኳ ሰዉ በእጃችሁ ይቀራል።

እዚሁ ከተማችን ያላችሁትም ብትሆኑ፣ እስቲ በዚህ ሳምንት ማኪያቶ የምታመጣላችሁን ልጅ ስሟን ጠይቋት። ቤቱ ክፍት ሳለ የተጠየቀ ስም፣ ቤቱ ሲዘጋ ይጠቅማል።

ሳምንት እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ።