አንድም የአማርኛ ፊልም የሌለበት «የምርጦች ዝርዝር»

ሰሞኑን «የምወዳቸው 10 ፊልሞች» ብሎ መለጠፍ ፋሽን ሆኗል። ክፋት የለውም። ለእኔም አንድ ጓደኛዬ ላከልኝ፤ ዳባት ተወልዶ ያደገ፣ ደባርቅ የሚያስተምር ሰው ነው። ጎድፋዘር አለ፣ ታይታኒክ አለ፣ ግላዲያተር አለ። አማርኛ የሚናገር ፊልም ግን አንድም የለም። ለምን ብዬ ብጠይቀው «ጥበብ አገር የለውም» አለኝ።

ጥበብ አገር ከሌለው፣ ታዲያ አሥሩም ለምን ከሆሊውድ መጡ?

ሁለተኛው መልስ «የእኛ ፊልም አይረባም» ነው። ብዙው አይረባም፤ እስማማለሁ። ሀብታም ወንድ፣ ደሃ ሴት፣ አንድ ቪላ፣ መጨረሻ ላይ ሠርግ። እሱን ጨምሩ አላልኩም። እኔ የምለው ሌላውን ነው።

የጎንደሩ ልጅ ኃይሌ ገሪማ እ.ኤ.አ. በ1976 «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን አወጣ። ለባለርስት የሚያርስ የገበሬ ቤተሰብ ታሪክ ነው። እሱ ራሱ የሠራው «ጤዛ» በ2008 ቬኒስ ላይ የዳኞች ልዩ ሽልማትንና የምርጥ ድርሰት ሽልማትን፣ በ2009 ደግሞ ዋጋዱጉ ላይ የፌስፓኮን ትልቁን ሽልማት ወሰደ። ጀርመን ተምሮ፣ ቆስሎና ተሰብሮ ወደ እናቱ መንደር የሚመለስ ሰው ታሪክ ነው። እዚያ መንደር ውስጥ ልጆች ለጦርነት እንዳይታፈሱ ዋሻ ገብተው ይደበቃሉ። ይህን ለመረዳት ዳባት ያለች እናት አስተርጓሚ ያስፈልጋታል?

የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» በ2015 በካን ፌስቲቫል ይፋዊ ምርጫ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ሆነ፤ ለበዓል ሊታረድ የተፈለገ በጉን ለማዳን የሚሟገት ልጅ ታሪክ ነው። የሞገስ ታፈሰ «ቁራኛዬ» ከሳሽና ተከሳሽ በአንድ ሰንሰለት ታስረው ወደ ዳኛ የሚሄዱበትን የጥንት ሥርዓት ያሳያል። እነዚህ «አይረቡም»?

«የግል ምርጫዬ ነው፣ ምን አገባህ?» የሚለኝ አይጠፋም። ያገባኛል። ፍላሽ የሚጭነው ልጅ የሚጭነው የተጠየቀውን ነው። የሚጠየቀው ደግሞ በየዝርዝሩ የታየው ነው። ያልተጠየቀ ፊልም አይታይም፤ የሚያየው ከሌለ ደግሞ ቀጣዩን የሚሠራ አይኖርም።

ዋጋውን እዚሁ ስሜን ላይ እያየነው ነው። ካሜራ ወደ ተራራችን የሚመጣው ለጭላዳና ለዋልያ ነው። ቢቢሲ በ2006 «ፕላኔት ኧርዝ» ብሎ ለዓለም ሲያሳያቸው እኛም ተደነቅን። በ2016 የግጭ ሰዎች ከፓርኩ ወጥተው ደባርቅ ሰፈሩ። በ2017 ዩኔስኮ ፓርኩን አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ አወጣው። የጭላዳውን ኑሮ እስከ አስተኛኘቱ እናውቃለን። ከትውልድ መንደሩ ተነሥቶ ከተማ የገባው የግጭ አባወራ የመጀመሪያዋን ሌሊት እንዴት እንዳደረ የሚነግር ፊልም ግን በደረሱኝ ዝርዝሮች ሁሉ አላየሁም። የሰውን ታሪክ እኛ ካልፈለግነው፣ እንስሳ ለማየት የመጣ ካሜራ አይፈልግልንም።

ስለዚህ ጎድፋዘርን አውጡ አልልም፤ እኔም እወደዋለሁ። ዝርዝራችሁን ላኩ። ግን እናታችሁ ያለ ትርጉም የምትሰማውን አንድ ፊልም ጨምሩበት። ከዚያ ፈልጋችሁ አስጭኑና አብራችኋት ቁጭ ብላችሁ እዩት።